አንድ ፊልም፣ ሁለት አገር፦ የወሎ ረሃብ ምስል በለንደንና በአዲስ አበባ

በ1967 ዓ.ም. የዕንቁጣጣሽ ዕለት ምሽት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያቀረበው ፕሮግራም ለበዓል የሚሆን አልነበረም። አጥንታቸው ብቻ የቀረ ሕፃናት፣ በመጠለያ በር ላይ ተኮልኩለው የሚጠብቁ እናቶች፣ ከአፈር ሊገቡ የተሰለፉ አስከሬኖች ይታያሉ፤ በየመካከሉ ደግሞ የቤተ መንግሥት ግብር፣ የመኳንንት ሠርግ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ምስል ይገባል። ጃንሆይ ራሳቸው ፊልሙን እንዲመለከቱ ከደርግ እንደተነገራቸውና ተቀምጠው እንዳዩት በሰፊው ይነገራል። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ተጭነው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ሲወሰዱ በመንገድ ላይ «ሌባ!» የሚል ጩኸት ተከተላቸው።

የረሃቡን ምስል ያነሳው ግን ደርግ አልነበረም። ከአሥራ አንድ ወር በፊት፣ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 1973)፣ ያንኑ ምስል የብሪታንያ ሕዝብ በአይቲቪ ጣቢያ አይቶት ነበር። ያዘጋጀው ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ ወጣት ጋዜጠኛ ሲሆን ርእሱ «ያልታወቀው ረሃብ» ይሰኝ ነበር። የለንደኑ ተመልካች አዝኖ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። የአዲስ አበባው ተመልካች ግን አዝኖ ብቻ አልቀረም፤ ዕድሜ ልኩን ሲሰግድለት የኖረውን ዙፋን በሌላ ዓይን አየው።

መገናኛ ብዙኃን የሰውን የዓለም አተያይ ይቀርጻሉ የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ሆኖም እንዴት እንደሚቀርጹ በአንድ ተጨባጭ ጉዳይ ላይ ተከታትሎ ማየት ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ሰው በየቀኑ የሚያየውና የሚሰማው እርስ በርሱ የተደባለቀ ነው። የወሎው ፊልም ታሪክ ግን ይህን ድብልቅ ለይቶ ለማየት ያመቻል። ያው ረሃብ፣ ያው ካሜራ፣ ያው ፊት ለሁለት የተለያዩ ሕዝቦች ቀርቦ ሁለት የተለያዩ እውነቶችን አስተማረ። ልዩነቱን የፈጠረው ምስሉ ሳይሆን ከምስሉ ጎን የተቀመጠው ነገርና ተመልካቹ ከዚያ በፊት ሲያይ የኖረው ነገር መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ። ሁለቱም ተመልካቾች ሳይነገራቸው የቀረ ሦስተኛ ነገር ነበረ፤ ለእኔ የጉዳዩ ዋና ቁም ነገር ያለው እዚያ ላይ ነው።

ተመልካቹ ቀድሞ ያየው

የአዲስ አበባው ተመልካች ያደገው በአንድ ድምፅ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን ጋዜጣ፣ የኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ በጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው ቴሌቪዥን ሁሉም የመንግሥት ነበሩ። ዜና ማለት በአብዛኛው የንጉሠ ነገሥቱ ውሎ ነበር፦ የተቀበሏቸው አምባሳደሮች፣ የመረቁት ትምህርት ቤት፣ የጎበኙት ሆስፒታል፣ ከውጭ አገር ጉብኝት የተመለሱበት ሥነ ሥርዓት። ሥዕላቸው በየመሥሪያ ቤቱና በየመማሪያ ክፍሉ ተሰቅሏል፤ በብሩም ላይ አለ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸው የማያከራክር መሆኑን ደንግጎ ነበር።

ይህ ሁሉ ውሸት ነበር ማለት አይደለም። ትምህርት ቤቱ ተሠርቷል፤ ሆስፒታሉም ተከፍቷል። ችግሩ ዜናው ያላነሳው ነገር እንዳልነበረ መቆጠሩ ነው። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. በትግራይ ብዙ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ የመሐል አገር አንባቢ ስለ ነገሩ የሰማው እጅግ ጥቂት ነበር። በወሎም እንዲሁ ሆነ። የ1964 ክረምት ዝናብ ከዳ፤ የ1965 በልግም ተከትሎት ከዳ። የእርሻ ሚኒስቴር ስለ ሰብሉ መበላሸት በጊዜ ያቀረበው ማስጠንቀቂያ ሕዝብ ዘንድ ሳይደርስ ቀረ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት ሠራተኞች ያዘጋጁት ሪፖርትም መንግሥትን ላለማስቀየም ሲባል ታፈነ። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ወደ ወሎ የሄዱ መምህራን ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በ1965 ዓ.ም. በግቢው ውስጥ ቢያሳዩም፣ ያ ምስል ከስድስት ኪሎ አጥር ብዙ አልራቀም። በዚህ ረሃብ ያለቀው ሕዝብ ከ40,000 እስከ 80,000 እንደሚደርስ ግምታቸውን የሰጡ አሉ፤ ቁጥሩን 200,000 የሚያደርሱትም ብዙዎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊስተዋል ይገባል። ከወሎ የተነሱ ረሃብተኞች እግራቸው እንደመራቸው እስከ አዲስ አበባ ድረስ መጥተዋል፤ ብዙዎቹም ወደ መጡበት እንዲመለሱ ተደርገዋል። ስለዚህ የከተማው ሰው ረሃቡን ፈጽሞ አላየም ማለት አይቻልም። አይቶታል፤ ግን ያየውን የሚያስቀምጥበት ስፍራ በአእምሮው አልተዘጋጀለትም። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጠ ለማኝ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ሰው ነው፤ ይመጸውተዋል፤ ያልፋል። በጋዜጣውና በሬዲዮው «ወሎ ተርቧል» የሚል ቃል እስካልሰማ ድረስ ከሐይቅና ከወልዲያ የመጣው ገበሬ ለእርሱ ሌላ ለማኝ ነበር እንጂ የአንድ ጥፋት ምስክር አልነበረም። መገናኛ ብዙኃን የዓለም አተያይን ከሚቀርጹባቸው መንገዶች ሁሉ ይህ እጅግ ጥልቁ ይመስለኛል፦ ለዓይን የሚያሳዩት ነገር ብቻ ሳይሆን ዓይን ያየውን የምንጠራበትን ስም መስጠታቸው ወይም መንፈጋቸው።

የብሪታንያው ተመልካችም ባዶ አእምሮ ይዞ አልተቀመጠም። ኢትዮጵያን የሚያውቃት በአብዛኛው በአንድ ሰው በኩል ነበር። ጃንሆይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በባዝ ከተማ ተሰደው የኖሩ፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው የተናገሩ፣ የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። የተራበ አፍሪካዊ ሕፃን ምስልም አዲስ አልነበረም፤ በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በናይጄሪያ የቢያፍራ ጦርነት ጊዜ ሆዳቸው የተነፋ ሕፃናት በየጋዜጣው ሲታዩ እንዲህ ያለ ምስል ሲመጣ ምን ማድረግ እንደሚገባ ተምሯል። ማዘን፣ ገንዘብ መስጠት፣ አለመጠየቅ።

ጥቅምት 8 ቀን፣ ለንደን

የዲምብልቢ ፊልም ዋና ዓላማ ርዳታ እንዲደርስ መቀስቀስ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱን ወይም መንግሥታቸውን ለመክሰስ አልተሠራም። ዓላማውም ተሳካ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰበሰበ፤ ለጊዜው እጅግ ብዙ ገንዘብ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥትም ከዚያ በኋላ ረሃቡን መሸሸግ አልቻለም፤ ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር ወር ወሎን ጎበኙ። በዚህ ምክንያት የዳነ ሕይወት ካለ፣ መኖሩም አያጠራጥርም፣ ለፊልሙ ምስጋና ይገባዋል። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ምክንያቱም ከዚህ ቀጥዬ የምለው ሁሉ ምስሉን ያነሱትን ሰዎች ለመንቀፍ እንዳይመስል።

የብሪታንያው ተመልካች ከፊልሙ ያወጣው ትርጉም ምን ነበር? ሰማይ ዝናብ ከለከለ፤ ሰው ተራበ፤ እኛ እንስጥ። በዚህ ትርጉም ውስጥ መሬት የለም፤ ግብር የለም፤ ባለርስትና ጭሰኛ የሉም፤ ገበያ የለም። ረሃቡ የመጣው ከተፈጥሮ ነው፤ መድኃኒቱ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ በመካከል ያለው ሕዝብ የሚሠቃይ እንጂ የሚያስብና የሚመርጥ አይደለም።

ካሜራው ራሱ የሚሄደው መንገዱ በሚፈቅድለት አቅጣጫ ነበር። የርዳታ መጠለያዎቹ በአብዛኛው የቆሙት ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ነበር፤ ርዳታውም፣ ጋዜጠኛውም፣ ረሃብተኛውም የሚገናኙት እዚያው ነው። በምሥራቅ በኩል በቆላው ያለቀው አፋር ግን ከመንገዱ ርቆ ነበር። ከሕዝቡ ብዛት አንፃር ሲታይ በዚያ ረሃብ እጅግ ከተጎዱት መካከል የአፋር አርብቶ አደሮች ይገኛሉ። ከብታቸውን በበጋ ያሰማሩበት የነበረው የአዋሽ ዳርቻ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ለጥጥና ለሸንኮራ እርሻ ተወስዶ ስለ ነበር ድርቁ ሲመጣ የሚሸሹበት ሣር አጡ። ከእነዚያ እርሻዎች አንዱ የሆነው የተንዳሆ ጥጥ እርሻ የተቋቋመው ሚቸል ኮትስ በተባለ የብሪታንያ ኩባንያ ነበር። ለአፋር ልጅ ወተት መግዣ ገንዘቡን የላከ አንድ የብሪታንያ ቤተሰብ ከዚያ ልጅ ረሃብ ጋር የራሱ አገር ኩባንያ ምን ግንኙነት እንዳለው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። የነገረው አልነበረምና።

ሌላም የተዛባ ነገር ነበር፤ የጊዜ ነገር። ፊልሙ በብሪታንያ በታየበት ሰሞን በወሎ የሞቱ ከፍተኛ ወቅት እያለፈ ነበር። መጠለያዎቹ እጅግ የተጨናነቁት በክረምቱ ነው፤ ርዳታው በርከት ብሎ መግባት ሲጀምር አዲሱ እህል መድረስ ጀምሮ ነበር። ለተመልካቹ ግን ረሃቡ የጀመረው እርሱ ባየበት ምሽት ነው።

መስከረም 1 ቀን፣ አዲስ አበባ

በአሥራ አንዱ ወር ውስጥ አገሪቱ ተለዋውጣ ነበር። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በነገሌ የሠፈሩ ወታደሮች አመፁ፤ በየካቲት የታክሲ ሾፌሮችና መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በሰኔ ደርግ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ቀኝ እጅ የነበሩት ሹማምንት አንድ በአንድ ታሰሩ። ስለዚህ ፊልሙ ዙፋኑን ገለበጠው የሚለው የተለመደ አነጋገር አይስማማኝም። ዙፋኑ አስቀድሞ ተቦርቡሮ ነበር። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ራሳቸው። ሠራዊቱ በጠመንጃ ሊይዛቸው ይችላል፤ ነገር ግን ሥዩመ እግዚአብሔር ተብለው ለአርባ አራት ዓመት የነገሡትን ሰው ሕዝቡ እያየ ሲወስዳቸው ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም ነበር። መልሱን የሰጠው ቴሌቪዥኑ ነው።

የደርግ ሰዎች ያደረጉት ቀላል ነበር፤ ግን የምስልን ባሕርይ ጠንቅቀው እንደተረዱ ያሳያል። ለረሃቡ ምስል አዲስ ቃል አላስፈለገውም፤ ጎረቤት ብቻ አበጁለት። ባዶ ሰሐን ያየ ዓይን ወዲያው ሙሉ ገበታ ሲያይ አእምሮ ሁለቱን በራሱ ያገናኛል፦ ይህ የጎደለው ያ ስለሞላ ነው። ግብሩ የተበላበት ቀንና ረሃቡ የተነሳበት ቀን አንድ ይሁኑ አይሁኑ ተመልካቹ አይጠይቅም። ለውሾች ሥጋ የመስጠቱ ምስል ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ዘልቆ ገባ፤ በአገራችን አስተሳሰብ እህል ክቡር ነው፤ ሥጋም በዓመት በዓል የሚቀመስ ነው። ሰው እየሞተ ለውሻ ሥጋ መስጠት ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ከፖለቲካ ጥፋት በፊት ነውር ነው። የለንደን ተመልካች ያን ምስል ቢያይ ኖሮ የውሻ ወዳጅነትን ብቻ ያይ ነበር ብዬ እገምታለሁ። አንዱ ምስል በሁለት ባህል ውስጥ አንድ ቃል አይናገርም።

እንግሊዛዊው ሰማይን የረሃቡ ምክንያት አድርጎ ሲያይ፣ አዲስ አበቤው አንድን ሰው አየ። ይህ ለውጥ ቀላል አልነበረም፤ ረሃብ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ብሎ ያደገ ሕዝብ፣ የምኒልክን ዘመን ክፉ ቀን እንዲሁ ሲተርክ የኖረ ሕዝብ፣ በአንድ ምሽት ረሃብ ተጠያቂ አለው ወደሚል ሐሳብ ተሻገረ። በዚህ ረገድ ፊልሙ አንድ ትልቅ እውነት አስተምሯል። ነገር ግን የተጠያቂነቱ ጥያቄ በአንድ ሽማግሌ ፊት ላይ ብቻ አረፈ። ሻንቶ አየንጋር የተባሉ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት፣ ድህነትን በአንድ ችግረኛ ታሪክ በኩል ያየ ተመልካች ምክንያቱን ከግለሰቡ ዘንድ እንደሚፈልግ፣ ድህነትን እንደ ጠቅላላ የኅብረተሰብ ጉዳይ ያየው ግን ወደ መንግሥትና ወደ ሥርዓቱ እንደሚመለከት በሙከራ አሳይተዋል። የደርግ ቅጂ ስለ ሥርዓት የሚናገር ቢመስልም በአሠራሩ የግለሰብ ታሪክ ነበር። ተመልካቹ ከመቀመጫው ሲነሳ የያዘው ጥያቄ «መሬቱ የማን ነው?» የሚል አልነበረም፤ «ማን ይቀጣ?» የሚል ነበር።

ቅጣቱም መጣ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት 60 ያህል የቀድሞ ባለሥልጣናትና የጦር መኮንኖች ለፍርድ ሳይቀርቡ ተረሸኑ። የወሎን ረሃብ ጉዳይ ጭምር እንዲያጣራ የተቋቋመ መርማሪ ኮሚሽን ሥራ ላይ እያለ ነው ይህ የሆነው። ፊልሙ ገዳይ ነው አልልም። ነገር ግን በሁለት ወር ከአሥራ ሦስት ቀን በፊት ያንን ምስል ያየ ከተማ በማግስቱ ጠዋት ዜናውን በሬዲዮ ሲሰማ የፍርድ ቤት አለመኖር ብዙውን ሰው እንዳላስደነገጠው ሳስብ፣ ማስረጃው ቀርቧል፤ ፍርዱም ተሰጥቷል የሚለው ስሜት ከየት እንደመጣ መገመት አይከብደኝም።

ሁለቱም ቅጂዎች ያልተናገሩት

አማርትያ ሴን የተባሉት ህንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 የወሎን ረሃብ መርምረው ያገኙት ነገር ከሁለቱም ፊልሞች ጋር አይስማማም። የወሎ ሰብል በእርግጥ ወድቋል፤ የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት ግን የቀነሰው በጥቂቱ ነበር። የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ረሃቡ በበረታበት ጊዜ እንኳ የተጠበቀውን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል ነበር። እህል ሲጠፋ ዋጋ ይንራል። ዋጋው ያልናረው የተራበው ሰው ወደ ገበያው የሚገባበት ገንዘብ ስላልነበረው ነው። ከብቱን ያለ ዋጋ ሸጠ፤ ሠራተኛው የሚቀጥረው አጣ፤ ሸማኔው የሸመነውን የሚገዛው አጣ፤ ጭሰኛው ከተረፈችው ጥቂት እህል ላይ የባለርስቱን ድርሻ ከፈለ። በዚያው መጠለያ በቆመበት አውራ ጎዳና ላይ እህል የጫነ መኪና በረሃብተኛው ፊት ያልፋል።

ይህ ግኝት ምስል የለውም። አንድ ካሜራ የተራበ ሕፃን ማንሳት ይችላል፤ የእህል ዋጋ አለመናሩን ማንሳት አይችልም። የባለርስት ድርሻ፣ የተወሰደ የግጦሽ መሬት፣ የታፈነ ሪፖርት በፊልም ላይ ፊት የላቸውም። ምስል በባሕርዩ የሥቃይን ፊት ያሳያል፤ የሥቃይን ሥር ለማሳየት ግን ቃል፣ ቁጥርና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እነዚህን ሦስቱን ደግሞ የምሽት ፕሮግራም ብዙ ጊዜ አይሰጥም። ተማሪዎቹ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ «መሬት ላራሹ» እያሉ ሲጮኹ የነበረው ስለዚህ ሥር ነበር፤ ደርግም በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ወደዚያ እንደተጠጋ መካድ አይገባም። ሆኖም የመሬቱ አዋጅ በሕዝብ ትዝታ ውስጥ የገባው በራሱ መንገድ ነው፤ ከረሃቡ ጋር አብሮ የሚታወሰው እስከ ዛሬ የውሾቹ ምስል ነው። ስለ ጃንሆይ ዘመን በሚነሳ ክርክር ሁሉ፣ በሚወዷቸውም በሚጠሏቸውም ወገኖች አንደበት፣ ያ ምስል ይመለሳል።

አሥር ዓመት በኋላ

ምስል ዙፋን ሲያናውጥ ካዩት ሁሉ በሚገባ ያዩት ደርጎቹ ነበሩ። በ1976 ዓ.ም. ሌላ ታላቅ ረሃብ ሰሜኑን ሲያጥለቀልቀው ያደረጉት ከጃንሆይ ባለሥልጣናት ያልተለየው ለዚህ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን ረሃብ ተከትሎ የተቋቋመው የርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የዓለምን ርዳታ ቢለምንም፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓልና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ በመስከረም 1977 ዓ.ም. በድምቀት ተከብሮ እስኪያልፍ ድረስ የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተከለከለ። የአዲስ አበባ ቴሌቪዥንም የሚያሳየው ሰልፉንና መፈክሩን ነበር። በፊልም የመጡ ሰዎች ከፊልም ተሸሸጉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን፣ በ1989 ዓ.ም. በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በኮሞሮስ ባሕር ዳር ሕይወቱ ያለፈው፣ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከኮረም ያነሱት ምስል ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ተላለፈ። 425 የቴሌቪዥን ጣቢያዎች እንዳሳዩትና 470 ሚሊዮን ሰው እንዳየው ይገመታል። ዘገባው ረሃቡን በመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን እንደነበረው ያለ ረሃብ ብሎ ጠራው። ይህ አገላለጽ ለልብ ቅርብ ነው፤ ግን የመጽሐፍ ቅዱስ ረሃብ ከሰማይ ይመጣል። በትግራይና በኤርትራ የነበረው ጦርነት፣ የገበያ መንገድ መዘጋት፣ የአየር ድብደባው ከዚያ ቃል ውስጥ አይገኙም። የለንደኑ የ1966 ትርጉም እንደገና ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን በመቶ እጥፍ አድጎ።

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው ታላቅ ኮንሰርት ያስገኘው ርዳታ ብዙ ነው። ያስቀረው አተያይም እንዲሁ ብዙ ነው። ከዚያ አስቀድሞ የወጣው ዝነኛ የርዳታ ዘፈን የተራቡት ሰዎች የገና በዓል መሆኑን ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል፤ አገራቸውንም ዝናብና ወንዝ የማያውቃት አድርጎ ይሥላል። ከኮረም አጠገብ የአሸንጌ ሐይቅ ተኝቷል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ላሊበላ በየዓመቱ የገና በዓል ሲመጣ በሺህ የሚቆጠሩ ምዕመናን ሌሊቱን ቆመው የሚያነጉበት ቤት ነው፤ ክርስትና በአገሪቱ የመንግሥት ሃይማኖት የሆነው በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነበር፤ ከተራቡት መካከል እጅግ ብዙዎቹ ደግሞ ኢድን የሚያከብሩ የወሎ ሙስሊሞች ነበሩ። ዘፋኞቹ ክፉ ሐሳብ አልነበራቸውም። ስለ አንድ ሕዝብ የሚያውቁት በሰባት ደቂቃ ዘገባ ውስጥ ያዩትን ብቻ ስለነበር ያዩትን ዘፈኑ።

የዚህ አተያይ ዕድሜ ተለክቷል። ቪኤስኦ የተባለው የብሪታንያ የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ ባደረገው ጥናት ከብሪታንያ ሕዝብ 80 በመቶው ታዳጊ አገሮችን በቅድሚያ የሚያያይዛቸው ከረሃብ፣ ከጥፋትና ከምዕራባውያን ርዳታ ጋር ሆኖ ተገኘ፤ 74 በመቶው እነዚያ አገሮች ለመሻሻል በምዕራባውያን ገንዘብና ዕውቀት ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው ብሎ ያምን ነበር። ኮንሰርቱ ከተካሄደ ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ አልፎ፣ ያኔ ሕፃናት የነበሩ ልጆች ጎረምሶች ሆነው ነው ይህ የተመዘገበው። በእነዚያ ዓመታት በዋሽንግተን፣ በለንደን ወይም በስቶክሆልም ትምህርት ቤት የገባ ብዙ ኢትዮጵያዊ ልጅ አገሩን ሲናገር በመጀመሪያ የተጠየቀው ስለ ምግብ ነበር። ልጁ ያን ጥያቄ ደጋግሞ ሲሰማ የራሱን አገር በጠያቂው ዓይን ማየት ይጀምራል፤ በስደት ያደጉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። የምስል ኃይል እስከዚህ ይደርሳል፤ ተመልካቹን ብቻ ሳይሆን የታየውንም ሰው ስለ ራሱ ያለውን አተያይ ይለውጣል።

የተራበው ሰው ግን የራሱ አተያይ አልነበረውም ማለት አይደለም። ፕሮፌሰር ፈቃደ አዘዘ ከሰሜን ሸዋ ገበሬዎች የሰበሰቧቸው የ77 ረሃብ ቃል ግጥሞች ይህን በሚገባ ያሳያሉ። በእነዚያ ግጥሞች ገበሬው ያለቅሳል፤ ፈጣሪውን ይማጸናል፤ አንዳንዴም ይሟገተዋል፤ ከብቱን፣ ጎረቤቱን፣ የተበተነ ቤቱን በስም ይጠራል። በካሜራ ፊት ዝም ብሎ የሚታየው ያው ሰው እዚያ አንደበተ ርቱዕ ነው። ነገር ግን ያ ድምፅ ከአፍ ወደ አፍ የሚሄድ ነበር፤ ወደ ለንደንም ወደ አዲስ አበባ ስቱዲዮም የሚወስደው መንገድ አልነበረውም። ስለ ረሃቡ የተናገሩት ሁሉ፣ እንግሊዛዊውም ደርግም፣ ስለ ወሎ ገበሬ ተናገሩ እንጂ እርሱን አላናገሩትም።

በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት የቴሌቪዥኑ ሥርጭት ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙም አይርቅም ነበር። ዙፋኑን ለመጨረሻ ጊዜ ያሳየው ፊልም በተነሳበት አገር፣ ከሐይቅ እስከ ቆቦ ባለው መንገድ ዳር፣ ያን ምሽት ያየው ሰው አልነበረም።